ጡጫ የሌለው አባል

«ተፈጥሮን እወዳለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ቦርሳዬን አጠብቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ፎቶግራፉን ነው፤ አንዲት ዝንብ ሻዩ ላይ ካረፈች ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። እኔ ከአዲስ አበባ ለቅቄ፣ ከቆሰበር ወደ አዘና በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የአባቴ ቦታ ስመለስ ተፈጥሮን ፍለጋ አልነበረም። የአዲስ አበባው ጎረቤቴ ድምፅ ማጉያ አሸንፎኝ ነው። መጻሕፍቴን በካርቶን ጭኜ፣ ባለቤቴን ለወራት ለምኜ መጣሁ። እሷ ቆሰበር ከተማ የጨርቅ ሱቅ ከፈተች፤ እኔ ከጓሯችን በታች በሚያልፈው ወንዝ ዳር ወንበር ዘረጋሁ። ሥራ የተከፋፈልነው እንዲህ ነው፤ እሷ ትሸጣለች፣ እኔ አነባለሁ።

ወንዝ ያልኩት በአክብሮት ነው። በክረምት በሬ ይወስዳል፤ በበጋ ዶሮ ጫማዋን ሳታወልቅ ትሻገረዋለች። ግን ከጓሯችን በታች፣ አንድ ትልቅ የዶቅማ ዛፍ ሥር፣ ውሃው ገብቶ የሚያርፍበት ጥልቅ ኩሬ አለ። በዚያ ኩሬ ውስጥ ጣት የሚያካክሉ ዓሦች፣ በምንም ጉዳይ ላይ አስተያየት የማያጡ እንቁራሪቶች፣ ወደ ጎን ብቻ የሚሄዱ ሸርጣኖች እና አንድ አምባዛ ይኖራሉ። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ሪዙ ረጅም የሆነ ዓሣ ነው። የእኛው ጡረታ የወጣ የንብረት ክፍል ኃላፊ ይመስላል፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሁሉን ነገር በጥርጣሬ ያያል፣ ሳይፈርም ይመለሳል።

ዶቅማው ላይ ደግሞ ዓሣ የምታጠምድ ሰማያዊ ወፍ ነበረች። እሷ አንድ ዓሣ እስክትይዝ እኔ አንድ ምዕራፍ እጨርሳለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ደክመን ወደየቤታችን እንገባለን።

«ነበረች» ያልኩት አምና ስለሄደች ነው። አምና ሚያዝያ ላይ ወንዙ ቆመ። ከላይ ያለው ድንችና ሽንኩርት ሁሉንም ጠጣው። ኩሬው መጀመሪያ ሻይ መሰለ፣ ቀጥሎ ወጥ፣ በመጨረሻ ጭቃ ሆነ። ትንንሾቹ ዓሦች አለቁ። ወፏ ሥራ የሌለበት መሥሪያ ቤት አልቀመጥም ብላ ሄደች። ሽታው ባለቤቴን ከባጃጅ ሳትወርድ አፍንጫዋን አስያዛት። በሕይወት የተገኘው አምባዛው ብቻ ነበር፤ ጭቃው ውስጥ ተኝቶ አንድ የረሳሁት ነገር እንዳለ ሁሉ ያየኛል። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ወደ ቤት ወሰድኩትና በረንዳ ላይ ባለው የባለቤቴ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ከተትኩት። ዝናብ እስኪጥል ብቻ ነው ብዬ።

የግንቦት ልደታ ዕለት የጎረቤት ሴቶች ንፍሯቸውን ይዘው ግቢያችን በተሰበሰቡበት፣ አምባዛው ከበርሜሉ ዘሎ መሃላቸው ወደቀ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት እስከ ዛሬ በበራችን ሲያልፉ ያማትባሉ።

እንግዶቹ ሲወጡ ባለቤቴ የተናገረችው አጭር ነበር።

«ለከርሞ በርሜሌን አልሰጥም። ወንዙ ከደረቀ ወይ እሱ ይሞታል፣ ወይ አንተ ጭቃው ውስጥ አብረኸው ትተኛለህ።»

ስለዚህ ዘንድሮ ነገሩ ግልጽ ነበር። ወንዙ እስከ ክረምቱ ዝናብ ካልፈሰሰ አምባዛው አለቀለት። ነገሩ ፍቅር አልነበረም፤ ፍቅር ነው ብሎ የሚያስፈርመኝ የለም። ግን አንድ ወር ሙሉ በረንዳዬ ላይ የከረመን ፍጡር አላውቀውም ማለት አልችልም።

በእኛ ወንዝ ውሃ የሚከፋፈለው በጡጫ ነው። ስንደባደብ ማለቴ አይደለም። ከቤታችን በላይ ወንዙን የሚያቆም የድንጋይና የጭቃ ክትር አለ፤ ከክትሩ ቦይ ይወጣል፤ ቦዩ በየማሳው አጠገብ ያልፋል። የእያንዳንዱ ማሳ የውሃ መግቢያ በባለቤቱ ጡጫ ልክ ነው። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ አባላቱ ይሰበሰባሉ፤ ባለቤቱ እጁን ጨብጦ ቦዩ ግድግዳ ውስጥ ይከታል፤ ሌሎቹ ዙሪያውን ጭቃ ይመርጉበታል፤ እጁን ሲያወጣ የሚቀረው ቀዳዳ የዓመት ድርሻው ነው። በዚህ ምክንያት በእኛ ቀበሌ ትልቅ እጅ ያለው አማች ይወደዳል። አንድ ጊዜ አንዱ «ቆስዬ ነው» ብሎ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ጨርቁን ሲፈቱት ሌላ ጨርቅ፣ እሱን ሲፈቱት ካልሲ ተገኘ። እኔ ገጽ በመግለጥ ያደገ እጅ ነው ያለኝ፤ ቦዩ ዳር ያለው ጎመኔም ይህን ያውቃል፣ ብዙ አይጠብቅብኝም።

ይህን ሁሉ የሚመሩት የውሃ አባታችን ናቸው። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚያወጣ፣ ባለ ማሳዎች ሲጣሉ የሚዳኝ፣ በአባላቱ የተመረጠ ሽማግሌ ነው። የእኛው ሲቆጡ በአገውኛ፣ ሲፈርዱ በአማርኛ ይናገራሉ፤ ስለዚህ አማርኛ ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ወሬውን ያቆማል። ቀልድ አያልፉም። ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም፤ ቀልድንም እንደ ማንኛውም አቤቱታ ተቀብለው፣ መርምረው፣ ውሳኔ ይሰጡበታል።

ዘንድሮ በስብሰባው ላይ ተነሣሁ። ብዙ ያነበበ ሰው ክፉ ልማድ አለበት፤ ያነበበውን እንዳነበበው ይናገራል።

«ለሥነ ምህዳር የሚተው አነስተኛ ፍሰት ያስፈልጋል» አልኩ።

የውሃ አባት ወደ ጎረቤቴ ዞሩ። ጎረቤቴ ድንች ያለማል፤ ቤቱ ከክትሩ በላይ ወንዙ ዳር ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተምረናል፣ አብረን ተገርፈናል። እጁ አካፋ ያህላል።

«ምን አለ?»

«ውሃ በከንቱ ይፍሰስ አለ፣ አባባ።»

«በከንቱ አላልኩም። እታች ኩሬው ውስጥ ላሉት ዓሦች ትንሽ ይለቀቅ ነው ያልኩት። አምና ደርቆ...»

«ዓሣው የማን ነው?» አሉ የውሃ አባት።

«የማንም አይደለም።»

«የማንም ካልሆነ፣ የማንም ያልሆነ ውሃ ሲገኝ ይሰጠዋል። ጡጫስ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ በምን ልንለካለት ነው?»

የጠየቁት ከልባቸው ነበር። የሳቁት ሌሎቹ ናቸው። ጎረቤቴ «ዓሣው ከእሱ የተሻለ እጅ ሳይኖረው አይቀርም» ብሎ ሳቁን አባሰው።

ያኔ ብቀመጥ ጥሩ ነበር። ግን ሰው ሁሉ በአንድ ወገን ሲስቅ ሌላውን ወገን መያዝ ከልጅነቴ የተጠናወተኝ በሽታ ነው። ዓይኔ ጎረቤቴ ላይ አረፈ። በእኛ አገር በሰንበትና በበዓል ዶማ የሚያነሳ ገበሬ የለም። ተራው በሰንበት የደረሰው ሰው ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ የማሳውን አፍ ከፍቶ ወደ ቤቱ ይገባል። እሁድ እሱ ነጭ ለብሶ ሲሳለም ውሃው ማሳው ውስጥ ሲሠራ ይውላል።

«እሁድ ድንችህን ማን አጠጣው?» አልኩት።

«ማንም። እኔ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ።»

«ድንቹ ግን ጠጥቷል።»

«ይጠጣ። እኔ አልነካሁም። ውሃው ራሱ ነው የሄደው።»

«እንግዲያው ሰንበት የሻረው ውሃው ነው።»

ሳቁ ቆመ። ከመካከላችን የነበሩት ቄስ፣ እሳቸውም በቦዩ ጫፍ ነጭ ሽንኩርት አላቸው፣ ስልካቸውን አውጥተው ኔትወርክ መፈለግ ጀመሩ። እኔ ቀጠልኩ። ሰው ያርፋል፣ በሬ ያርፋል፤ ውሃው ምን በድሎ ነው በበዓል ድንች ቤት ተቀጥሮ የሚውለው? በበዓል ማንም ሥራ ከሌለው የበዓል ውሃም የማንም አይደለም።

እየቀለድኩ ነበር። የውሃ አባት ግን በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና በአማርኛ ጀመሩ።

«የበዓል ውሃ የማንም አይደለም። ዓሣውም የማንም አይደለም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በሰንበትና በበዓል ክትሩ ዋዜማውን ይከፈት፤ ውሃው በወንዙ ወርዶ ለዓሣው ይሁን።» ጥቂት አሰቡ። «ውሃ የሚጠጣ ግን አባል ነው። አባል የሆነ ቦይ ይጠርጋል። ዓሣው ሲጠራ አቤት የሚለው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

የቦይ ጠረጋ ዕለት የውሃ አባት አባላቱን አንድ በአንድ ይጠራሉ። የተጠራው አቤት ይላል፤ ያላለ ሌላ ቀን እጥፍ ይጠርጋል። የእኔን ስም ጠሩ፣ አቤት አልኩ። ሁሉም ተጠርቶ ሲያልቅ፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ «ዓሣ» አሉ።

ዙሪያዬን አየሁ።

«ዓሣ ቀርቷል?»

«አቤት» አልኩ።

በዕድሜዬ ብዙ ስም ወጥቶልኛል፤ በዚህ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። መጀመሪያ የጎመኔን ድርሻ ጠረግሁ፣ ከዚያ የዓሣውን። ከሰዓት በኋላ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ጎረቤቴ ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ለሌሎቹ፣

«ይሄ ዓሣ ዶማ አያያዝ አያውቅም» አለ።

«አዲስ ገቢ ነው፣ ይለምዳል» አለ ሌላው።

እሁድ ማንንም አልከበደም። ችግር የመጣው ወሩን ስንቆጥር ነው። አቦ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ ሚካኤል አለ፣ ኪዳነ ምሕረት አለች፣ ገብርኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ ጊዮርጊስ አለ፣ መድኃኔዓለም አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ በአካባቢያችን በዓል በዛ ብሎ ያማረረ ሰው አላውቅም፤ አቦ ነው ብሎ ከእግሩ እሾህ የማያወጣ ነበር። ውሃው ለዓሣ መሄድ ሲጀምር ግን በየቤቱ ጥልቅ የሃይማኖት ምርምር ተጀመረ። የትኛው በዓል ከባድ ነው፣ የትኛው ቀላል ነው፣ የትኛው እስከ ቀትር ብቻ ነው። ጎረቤቴ ቀዳሚው ተመራማሪ ሆነ።

«አቦ ዋናው የዓመቱ ነው» አለኝ። «የወሩ ቀላል ነው።»

«አምና በወሩ አቦ በግህ ገመድ ተጠምጥሞባት እንኳ አልፈታህላትም።»

«አምና ድንቼ አልተጠማም።»

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ጻድቅ ሆንኩ። ለፋሲካ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የማልታይ ሰው፣ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸውን ቅዱሳን ፈልጌ እያወጣሁ በየማለዳው ክትሩ ጋ እቆም ጀመር። «ዛሬ እኮ ታላቅ ቀን ነው» እላለሁ። ቄሱ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። አንድ ቀን ባለቤቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ስገላልጥ አገኘችኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የጸደቅከው?»

«ለአምባዛው ነው።»

«እሱስ ይጾማል?»

ዳንግላ ላይ የእኛን ድንችና ሽንኩርት የሚረከብ አንድ ሙስሊም ነጋዴ አለ። ነገሩን ከሰማ በኋላ የበዓላቱን ቀን ከሁላችንም አብልጦ አወቀ። ለጎረቤቴ ይደውልለትና፣ «ሐሙስ ሚካኤል፣ እሁድ ሰንበት፣ ሰኞ ኪዳነ ምሕረት። ዓሣው ሦስት ቀን ሊወስድብን ነው። መኪናውን ወደ ሌላው ሳምንት ላሻግረው?» ይለዋል። ጎረቤቴ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ቤት አቅጣጫ ያያል።

ኩሬው ግን ኖረ። ጣት የሚያካክሉት ዓሦች ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ተመለሱ። አንድ ማለዳ ወፏን ዶቅማው ላይ አገኘኋት፤ የት እንደከረመች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አምባዛው ከሥር ወጥቶ አየኝና ተመለሰ። ያላማረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዓል በሌለበት ሳምንት ኩሬው ይጎድልና ትንንሾቹ ዓሦች ዳር ላይ በቀሩ ጉድጓዶች ውስጥ ይታሰራሉ፤ የበዓሉ ውሃ ደግሞ በአንዴ ሲለቀቅ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል። የእኔ ድል ለእነሱ አንድ ቀን ድግስ፣ ሌላ ቀን ረሃብ ነበር። ይህን ለጎረቤቴ ልነግረው አልቸኮልኩም።

ከዚያ ፋሲካ ደረሰ።

ከፋሲካ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ባለው ሳምንት በገጠር ሥራ የለም፤ ሁሉም ቀን በዓል ነው። ይህን እዚያ ስብሰባ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ከተወለደ ጀምሮ ያውቃል። ያኔ ያሰበው ግን አንድም አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ። እሁድ ክትሩ ክፍት ነው። ሰኞ ክፍት ነው። ማክሰኞ ክፍት ነው፣ ኩሬው ሞልቶ እየፈሰሰ እንቁራሪቶቹ ሠርግ ላይ ናቸው፤ የጎረቤቴ ድንች ግን አንገቱን ደፍቷል። ወደ ውሃ አባት ሄዶ ለመነ። «ውሃው የዓሣው ነው፤ እሱን ጠይቅ» አሉት።

እንደለበሰ፣ የበዓል ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ ወንበሬ ጋ መጣ። ተቀመጥ ብለው እንቢ አለ።

«ደንበኛህን እንድታነጋግርልኝ ነው የመጣሁት።»

«ምን ልበለው?»

«ድንቼ ሊሞት ነው በለው። አሁን ነው ሥሩ የሚሞላው፣ ይህን ሳምንት ካልጠጣ ጠጠር ነው የማወጣው በለው።» ወደ ኩሬው አየ። «አንተ የተማርክ ነህ። አንድ ዓሣ ሳምንት ሙሉ ይህን ሁሉ ውሃ ምን ያደርግለታል?»

እውነቱን ነበር። ይህ እጅግ አስከፋኝ። የሚከራከረኝ ሰው ልክ ሲሆን የምቆምበት ቦታ ይጠፋኛል።

«ምንም አያደርግለትም» አልኩ። «እሱ የሚፈልገው በየቀኑ ትንሽ ነው። በዓሉ ሁሉ ይቅርበትና በየቀኑ ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት ስንት ነው?»

አብረን ወደ ውሃ አባት ሄድን። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሁለታችንንም እስከ መጨረሻ ሰሙን።

«ሁለታችሁም ከተስማማችሁ እኔ አልከለክልም» አሉ። «ያለ ልክ ግን ውሃ አይሰጥም። ሰው የሚለካው በገዛ አካሉ ነው። አንተ ደግሞ ዓሣው ጡጫ የለውም ብለኸኛል።»

«የለውም፣ አባባ።»

«ጭንቅላት አለው?»

እኔና ጎረቤቴ ተያየን።

«አለው» አልኩ።

«በጭንቅላቱ ይለካ። ክትሩ ጋ አምጡት።»

«ራሱን አምባዛውን?» አለ ጎረቤቴ።

«አንተ ስትለካ ጡጫህን ቤት ትተህ ትመጣለህ?»

ጎረቤቴ በበዓል ሳምንት ጭቃ መምረግ ሥራ ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። የውሃ አባት መረመሩት። ጭቃ ማቡካት የልጅ ጨዋታ ነው፣ ሥራ አይደለም፤ ዶማ ያነሳ ግን ይቀጣል አሉ።

ጋቢያችንን ዶቅማው ላይ ሰቅለን፣ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ጠቅልለን ኩሬው ውስጥ ገባን። ጎረቤቴ የብርብራ ፍሬ ወቅጠን እንበትን፣ ዓሣው ሰክሮ ይወጣል የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ድሮ በወንዙ የሚሠራ ዘዴ ነው። ትንንሾቹን ይፈጃል ብዬ ከለከልኩት፤ ደግሞም አባል ሰክሮ አይለካም። የማዳበሪያ ጆንያ ይዘን ከሁለት በኩል መጣንበት። አምባዛው በመካከላችን አለፈ። እንደገና መጣንበት፤ በእግሬ ሥር አለፈ፣ እኔ ተቀመጥኩ፣ ውሃው እስከ አንገቴ ደረሰ። ጎረቤቴ ዘሎ ያዘው፤ የያዘው የእኔን ቁርጭምጭሚት ነበር።

«ልቀቀኝ» አልኩ።

«አንተ ነህ እንዴ? ያንሸራትታል እኮ።»

ባለቤቴ በበዓሉ ምክንያት ሱቋን ዘግታ ቤት ነበረች። ጩኸቱን ሰምታ መጣች፣ አፋፉ ላይ ቆማ ሁለታችንንም አየችን። ሄደች። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ይዛ ተመለሰች፣ ዳር ላይ ቁጢጥ ብላ ግማሽ ድረስ ውሃው ውስጥ ከተተችውና ጠርዙን በጣቷ መታ መታ፣ መታ መታ አደረገች። ከኪሷ የዳቦ ፍርፋሪ አወጣች።

አምባዛው ከሥር ወጣ። ቀስ ብሎ መጣ፣ ዳቦውን በጥርጣሬ አየው፣ ሳፋው ውስጥ ገባ።

እኔም ጎረቤቴም ጆንያውን ለቀቅን።

«አምና በርሜል ውስጥ ሲከርም ማን ያበላው መሰላችሁ?» አለች። «እሱማ መጽሐፍ ነበር የሚያነብለት።»

«እታለም፣ ይህን ቀድመሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት?» አለ ጎረቤቴ፣ ከጢሙ ላይ ውሃ እየጠረገ።

«ጠየቃችሁኝ?»

ሳፋውን እኔና እሱ በሁለት ወገን ይዘን ወደ ክትሩ ወጣን። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ እያለ ሳፋው ውስጥ አጎንብሶ ያያል፤ ከዚያ ይከተለናል። ክትሩ ጋ ስንደርስ ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ ከኋላችን ነበር። የውሃ አባት ከክትሩ ግርጌ ሁለት ድንጋይ አስነቅለው ጭቃ አስቦክተው ቆይተውናል። ባለቤቴ አምባዛውን በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ጭንቅላቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገባች፤ እኛ ዙሪያውን መረግን። በዚህ መካከል ነው የሪዙ ጉዳይ የተነሣው።

«ሪዙ ይቆጠራል» አልኩ። «የአካሉ ክፍል ነው።»

«ሪዝ አይቆጠርም» አለ ጎረቤቴ። «እንደዚያ ከሆነ እኔም ጥፍሬን አሳድጌ እመጣለሁ።»

የውሃ አባት አሰቡ። «ጡጫ ስንለካ ቀለበት እናስወልቃለን» አሉ። «ሪዙ ታጥፎ ይለካ።»

አምባዛው ፍርዱን እንደሰማ ጅራቱን አወናጨፈና ጎረቤቴን ጉንጩ ላይ አጮለው። ሕዝቡ ፍትሕ ነው አለ። ጭንቅላቱን ስናወጣው ከክትሩ ግርጌ ሰፊና ጠፍጣፋ ቀዳዳ ቀረ፤ ውሃው በእሱ በኩል ወጥቶ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፣ ቀጭን ነው፣ ግን አይቋረጥም። ክትሩ ከላይ ተዘጋ፣ የቀረው ውሃ ወደ ቦዩ ዞረ። ማታ የጎረቤቴ ድንች ሲጠጣ ነበር። ዳንግላ ላለው ነጋዴ ደውሎ «ዓሣው ታርቆናል፣ መኪናውን ላክ» ሲለው ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ በዓላቱ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አቦ እንደገና ከባድ ሆነ። እኔም በየማለዳው ክትሩ ጋ ቅዱሳን መቁጠሬን ተውኩ፤ ቄሱ ሰላም ይሉኝ ጀመር። ግንቦት ደርቆ መጣ። ኩሬው ወረደ፣ የዶቅማው ሥር ታየ፣ በየማለዳው ከቁርስ በፊት ወርጄ አያለሁ። ከጉልበት በታች አልሆነም። ወፏ ከቅርንጫፏ ላይ አልተነሣችም፤ በረንዳው ላይ ያለው በርሜል ባዶውን ከረመ።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት ግን አምባዛው አልነበረም። ዳሩን ዞርኩ፣ በእንጨት ነካካሁ፣ ሰው ባያየኝ ብዬ ሳፋ መታሁ። ምንም የለም። ሲረፍድ ጎረቤቴ ከላይ መጣ፤ ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ ገና ከሩቅ አላማረኝም።

«የአንተ ደንበኛ ከእኔ ቤት በታች ነው» አለ። «ከክትሩ በላይ። ዛሬ ማለዳ አየሁት።»

«በየት ወጣ?»

«በቀዳዳው ነዋ። በልኩ ነው የሠራንለት። ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ምን ያግደዋል?»

ሄጄ አየሁት። ከጎረቤቴ ቤት በታች፣ ውሃው ሰፋ ብሎ በተኛበት፣ አምባዛው ቀስ ብሎ መጣ፣ አየኝ፣ ተመለሰ። ወንበሬን ወደዚያ ማዛወር እንደማልችል፣ ቦታው የሰው ደጅ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሰኔ ላይ ቦዩ የሚዘጋበት የመጨረሻው ስብሰባ ሆነ። የውሃ አባት አባላቱን በተራ ጠሩ። በመጨረሻ «ዓሣ» አሉ። አፌን ስከፍት ሌላ ሰው ቀደመኝ።

«አቤት» አለ ጎረቤቴ።

«አንተ የድንቹ አይደለህም እንዴ?» አሉት።

«የሁለቱም ነኝ፣ አባባ። አሁን የሚኖረው በእኔ በኩል ነው።»

«ዓሣው የእኔ ነው» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ።

የውሃ አባት ወደ እኔ ዞሩ። «የማንም አይደለም ብለኸኝ ነበር» አሉ፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ዞረው በአማርኛ ጀመሩ። «አቤት ያለ ይጠርጋል። ለከርሞ የዓሣው ዶማ አንተ ጋ ነው።»

ጎረቤቴ አካፋ የሚያክሉ እጆቹን አየ። እኔ የእኔዎቹን ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው።

የዚያን ዕለት ወደ ማምሻው ባለቤቴ ሳፋዋን ይዛ በወንዙ ዳር ወደ ላይ ስትወጣ አየኋት። ወዴት ነው ስላት ልብስ ላጥብ ነው አለች። ልብስ አልያዘችም።